ሸራ፤ የመርከበኞች ቃል በስሜን ተራራ ሥር

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ጥሩ ውሃ ለመጠጣት የሚፈልግ ሰው ወደ ምንጩ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የአንድን ነገር እውነት ለማወቅ የሚሻም ሰው ሥሩን ቆፍሮ መመልከት ይገባዋል ማለታቸው ነው። ይህ ምክር ለታላላቅ ጉዳዮች ብቻ የተነገረ አይደለም። ቃልም እንደ ዛፍ ሥር አለው፤ እንደ መንገደኛም ከአገር ወደ አገር ይሄዳል። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ሌሎች ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ግብርናና ስለ ጤና ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ለመጻፍ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ቃሏም «ሸራ» የምትባለው ናት።

በደባርቅም ሆነ በዳባት ሸራን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ነጋዴው በገበያ ቀን በአራት እንጨት ላይ ወጥሮ ከፀሐይና ከዝናብ ይጠለልበታል። የጭነት መኪና ረዳት ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት እህሉን ይሸፍንበታል። ተማሪው ሸራ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ኳስ ይጫወታል። ሠዓሊው ሸራ ወጥሮ ቀለሙን ይቀባል። ይህን ሁሉ እያየን ግን፣ ይህች ቃል ከባሕር ዳር የመጣች የመርከበኞች ቃል እንደ ሆነች የምናስብ ጥቂቶች ነን።

አንዳንድ ሰው «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስለ መርከብ ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። የስሜንን ታሪክ በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ ከተፈጸሙት ታላላቅ ነገሮች ብዙዎቹ ከባሕር ላይ ሸራ ጋር የተያያዙ ሆነው ያገኛቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ የተቈጠሩት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የቃሉ ትርጓሜ

ሸራ በመጀመሪያ ትርጓሜው፣ ነፋስን ይዞ መርከብን እንዲገፋ በመርከብ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ሰፊና ጠንካራ ጨርቅ ነው። ዐረቦች ይህንኑ ጨርቅ «ሽራዕ» ይሉታል፤ የሁለቱ ቃላት ዝምድና ለሰሚ ሁሉ ግልጽ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በቀይ ባሕር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ይነግዱ የነበሩት መርከበኞች ዐረብኛ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ፣ ከዕቃው ጋር የዕቃው ስም አብሮ መምጣቱ የማይቀር ነው። «መርከብ» የምንለው ቃል በዐረብኛም «መርከብ» ነው። ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ደቀል» ይለዋል፤ ዐረቦችም «ደቀል» ይሉታል።

ነገር ግን የባሕር ቃላት ሁሉ ከውጭ የመጡ አይምሰሉን። በግዕዝ መርከብ «ሐመር» ይባላል፤ መርከብን ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዘውም ብረት «መልህቅ» ይባላል። እነዚህ ጥንታውያን የገዛ ራሳችን ቃላት ናቸው። እንግዲህ በአንድ መርከብ ላይ፣ ከግዕዝ የወረስነው መልህቅና ከዐረቦች ጋር በንግድ የተካፈልነው ሸራ አብረው ይገኛሉ ማለት ነው። ቋንቋችን ራሱ፣ አባቶቻችን ባሕርን ያውቁ እንደ ነበር፣ ከባሕር ማዶ ካሉትም ሕዝቦች ጋር ይገናኙ እንደ ነበር ይመሰክራል።

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰውም ሸራን ሳያገኘው አያልፍም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ27ኛው ምዕራፍ የጢሮስን ከተማ በተዋበች መርከብ መስሎ ሲናገር፣ ሸራዋ ከግብፅ የተልባ እግር የተሠራ እንደ ነበረ ይገልጻል። በሐዋርያት ሥራ በ27ኛውም ምዕራፍ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ማዕበል ያገኘው መርከብ ሰዎች በመጨረሻ ሸራቸውን ለነፋስ ሰጥተው ወደ የብስ እንደ ገሰገሱ ይነገራል። ስለዚህ የደጋ ካህናትና የቆሎ ተማሪዎች ባሕርን ባያዩም እንኳ፣ የመርከብን ነገር በመጽሐፍ ያውቁት ነበር።

ሸራ እንዴት ይሠራል?

ከነፋስ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ለማንም ግልጽ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራው እንደ ሆድ ይነፋል፤ መርከቡም ወደ ፊት ይገፋል። በጥንት ዘመን በሜዲትራንያን ባሕርና በቀይ ባሕር ላይ ይመላለሱ የነበሩት የግብፅና የሮም መርከቦች ሸራቸው አራት ማዕዘን ነበረ። እንዲህ ያለው ሸራ ነፋስ ከኋላ በሚመጣበት ጊዜ እጅግ ይረዳል። በኋላ ዘመን ደግሞ በዐረቦች ጀልባዎች ላይ ሦስት ማዕዘን ያለው ሸራ የተለመደ ሆነ። ይህኛው ነፋስ ከጐን በሚመጣበት ጊዜ የተሻለ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ነፋስ ከፊት ሲመጣ ነው። ወደ ነፋሱ ምንጭ በቀጥታ ሊሄድ የሚችል የሸራ መርከብ በዓለም ላይ የለም። ታዲያ መርከበኛው ምን ያደርጋል? መልሱን ለመረዳት የደባርቅ ልጅ ከማንም ይልቅ ዕድለኛ ነው። የሊማሊሞን መንገድ አስቡ። መኪና ያንን ገደል በቀጥታ ሊወጣው ስለማይችል፣ መንገዱ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። መርከበኛውም እንዲሁ ያደርጋል። ሸራውን አዘንብሎ ወደ ቀኝ በሰያፍ ይሄዳል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሸራውን ወደ ሌላው ጐን አዙሮ ወደ ግራ በሰያፍ ይሄዳል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይቀርባል። መንገዱ ይረዝማል፤ ይሁን እንጂ ያደርሳል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ነፋስና ውሃ መርከቡን ከሁለት ወገን ስለሚይዙት ነው። ነፋሱ ሸራውን ወደ ጐን ሊገፋው ይፈልጋል፤ ውሃው ግን የመርከቡ ጐን ረጅም ስለ ሆነ ወደ ጐን አያሳልፈውም። በሁለት ጣት መካከል የተጨመቀ እርጥብ የሎሚ ዘር ወደ ፊት ተፈናጥሮ እንደሚወጣ፣ መርከቡም በነፋስና በውሃ መካከል ተጨምቆ ወደ ፊት ይሄዳል።

ከዚህ ላይ የጣናን ታንኳ ማንሳት ያስፈልጋል። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ በረጅም ዘንግ እየተገፋ ወይም እየተቀዘፈ የሚሄድ ነው፤ ሸራ የለውም። ይህ ግን የሠሪዎቹ ዕውቀት ማነስ አይደለም። ደንገል ቀላልና ለስላሳ ስለ ሆነ የሸራን ምሰሶ አጥብቆ ሊሸከም አይችልም፤ ውሃም ስለሚመጥ ከሐይቁ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። በሐይቅ ዳር ለሚደረግ አጭር ጉዞ፣ እንጨትና ዓሣ ለመጫን፣ ታንኳ በቂ ነው። ሸራ የሚያስፈልገው መንገዱ ሲረዝምና ሸክሙ ሲከብድ ነው።

የአዱሊስ ወደብና የስሜን በረዶ

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከምፅዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ አዱሊስ የምትባል የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበረች። በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ እንደ ሆነ ይናገራል። በዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ከአዱሊስ ይወጡ ነበር፤ ከግብፅና ከህንድ ደግሞ ጨርቅ፣ ብረት፣ መጥረቢያና ብርጭቆ ይገቡ ነበር።

ይህ ሁሉ ንግድ በነፋስ ወራት የተወሰነ ነበረ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ በዚያን ጊዜ መርከብ ወደ ህንድ ይሄዳል። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መርከብ ከህንድ ይመለሳል። ወደ ህንድ የሚሄደው መርከበኛ ከግብፅ ወደብ በሐምሌ ሲነሣ፣ የወገራ ገበሬ በሬውን ጠምዶ በዝናብ ውስጥ ነበር። የሸራው ወራትና የእኛ ክረምት አንድ ጊዜ ናቸው። ገበሬው ደመናን እንደሚያነብ፣ መርከበኛውም ነፋስን ያነብ ነበር።

ስሜንና አዱሊስ የተገናኙበት አንድ እጅግ የሚያስደንቅ ጽሑፍ አለ። በ525 ገደማ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ሳለ፣ አፄ ካሌብ በዚያ ቆሞ በነበረው የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጠው እንዲልኩላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙት። ገዥውም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ለሌላ ነጋዴ ሰጣቸው። ጽሑፉ ከዚያ በፊት የነበረ፣ ስሙ የጠፋ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያሸነፋቸውን ሕዝቦች የሚዘረዝር ነው። ከእነዚህም መካከል ከታላቁ ወንዝ ማዶ፣ በማይደረሱ ተራሮች ላይ የሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። ንጉሡ ያ አገር ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን አስጽፏል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል። ስለ ስሜን ከተጻፉት ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ የተቀረጸው በስሜን ተራራ ላይ አይደለም፤ በጎንደርም በአክሱምም አይደለም፤ ሸራ በሚወርድበትና በሚሰቀልበት በባሕር ወደብ ላይ ነው። ለትውልድ ያደረሰውም በሸራ መርከብ የሚጓዝ ነጋዴ ነው። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ኮስማስ የገለበጠው ጽሑፍ ግን አለ። ያ ነጋዴ ባይኖር ኖሮ፣ የተራራችን ስም በዚያ ጥንታዊ ዘመን ምን ያህል ይታወቅ እንደ ነበር ባላወቅን ነበር።

አፄ ካሌብ ጽሑፉን ያስገለበጡት ወደ ደቡብ ዐረብ ለመዝመት በሚዘጋጁበት ጊዜ ነበር። ስለ ናግራን ሰማዕታት በግሪክኛ የተጻፈው መጽሐፍ በአዱሊስ አጠገብ ገበዛ በሚባል ወደብ የተሰበሰቡትን መርከቦች ቍጥር ይሰጠናል፤ ከአይላ 15፣ ከቅሉስማ 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ 9፣ ንጉሡም ራሳቸው ያሠሩአቸው 10፤ ድምራቸው 70 መርከብ ነው። በዚያ ባሕር የሚሠሩት መርከቦች ብዙዎቹ ሳንቃቸው በምስማር ሳይመታ በገመድ የተሰፋ ነበር። ሸራ፣ ገመድና ነፋስ የኢትዮጵያን ሠራዊት ባሕሩን አሻገሩት።

ሸራ ያመጣው ጠመንጃ

ከአክሱም መዳከም በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ16ኛው መቶ ዓመት ስሜን እንደገና ከባሕር ጋር ተገናኘች። በ1541 በምፅዋ ከደረሰው የፖርቱጋል መርከቦች ጭፍራ 400 ነፍጠኞች ወረዱ። አለቃቸው ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ይባላል፤ በ1498 በሸራ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ህንድ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። ግራኝ አሕመድም በበኩሉ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡለት የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩት። ስለዚህ በዚያ ዘመን የአገራችን ዕድል በከፊል የተንጠለጠለው፣ የማን ሸራ ቀድሞ ይደርሳል በሚለው ነገር ላይ ነበር።

በ1542 ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ስሜን ወጥቶ፣ ፖርቱጋሎች «የአይሁድ አምባ» ያሉትን ጽኑ አምባ ያዘ፤ በዚያም ፈረሶች አገኘ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በወፍላ ተሸንፎ ተያዘና ተገደለ። ከሞት የተረፉት ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ሸሽተው የተጠጉት ወደዚያው ወደ ስሜን አምባ ነው። ወጣቱ አፄ ገላውዴዎስም መጥተው የተቀላቀሉአቸው በዚሁ ነው። ከዚህ ተነሥተው በወገራ በኩል አልፈው፣ በ1543 በየካቲት ወር በወይና ደጋ ጦርነት ግራኝን ድል ነሡ።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሸራ ጠመንጃውን ወደ ባሕር ዳር አደረሰ፤ ነገር ግን ሸራ ተራራ አይወጣም። የተሸነፉትን የሸሸገና ያሳረፈ፣ ለዳግመኛ ጦርነት ያበቃቸው ተራራው ነው። ባሕሩና ተራራው አንዱ ያለ ሌላው አይበቁም ነበር።

የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ

አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ዋና ከተማ ካደረጉ በኋላ፣ ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የንግድ መንገድ በዓድዋ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሊማሊሞና በደባርቅ፣ ከዚያም በወገራ በኩል ያልፍ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ በርበሬ ቅመም፣ ብርጭቆና ጠመንጃ በዚህ ወጡ፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በዚህ ወረዱ። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ለባርነት የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ እየተነዱ ወደ ባሕር ወርደው በሸራ ጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ ነበር። ሸራ በጎውን ብቻ እንዳመጣና እንደ ወሰደ አድርገን ብንጽፍ እውነቱን ሸሸግን ማለት ነው።

የእስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምፅዋ ደርሶ፣ በዓድዋና በአክሱም አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። በሊማሊሞ ላይ ከነጋዴ ቀረጥ የሚቀበሉ ሹማምንት እንደ ነበሩ ጽፏል። በቀይ ባሕር ላይ ሲጓዝ ከተሳፈረባቸው ጀልባዎች አንዱ ሳንቃው በገመድ የተሰፋ፣ ሸራውም ከዘምባባ ቅጠል እንደ ሰሌን የተሠራ እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ ሸራ ሁልጊዜ ከጥጥ ወይም ከተልባ እግር የሚሠራ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አገር ባለው ነገር ይሠራው ነበር።

የሲራራ ነጋዴውና መርከበኛው በጠባይ ይመሳሰላሉ። መርከበኛው የነፋስን መዞር ይጠብቃል፤ ሲራራ ነጋዴውም ክረምት ሲገባ የተከዜን ሙላት መጉደል ይጠብቃል። ሁለቱም ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሽፍታና የባሕር ወንበዴ እንዳያገኛቸው ተሰብስበው ይጓዛሉ። የሊማሊሞ ቀረጥ ተቀባይና የምፅዋ ቀረጥ ተቀባይ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። የአንዱ ባሕር ሲናወጥ የሌላው ኬላ ባዶ ይሆን ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ስሜንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ጠመንጃ የሚመጣው በባሕር ስለ ነበረ፣ ሥልጣናቸውን እስከ ምፅዋ ዳርቻ ለማድረስ ደጋግመው ሞክረዋል። ነገር ግን በየካቲት 1855 በደረስጌ ጦርነት በደጃዝማች ካሳ ድል ሆኑ። ካሳም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የሸራ ዘመን ማለፍ

በዚሁ መቶ ዓመት ዓለም ተለወጠ። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ መጣ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት የእንፋሎት መርከቦች ወደ ቀይ ባሕር ጐረፉ። የቀይ ባሕር ነፋስ በሰሜን በኩል ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ስለሚነፍስ፣ ትልልቅ የሸራ መርከቦች በቦዩ ብዙም አልተጠቀሙም፤ የእንፋሎቱ መርከብ ግን ነፋስን ሳይለምን ይሄዳል። የዐረቦች ሳንቡክ በባሕር ዳርቻ ንግድ ሥራውን ቢቀጥልም፣ የታላላቅ መንግሥታት ሸራ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ኢጣልያ በ1885 ምፅዋን ስትይዝ ወታደሮችዋን ያመጣችው በእንፋሎት መርከብ ነው።

ኢጣልያኖች በ1936 አገራችንን በያዙ ጊዜ ደግሞ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚያስኬድ የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ ቀየሱ። ድንጋዩን የጠረቡትና የተሸከሙት ክንዶች ብዙ ናቸው። ይህን ጠመዝማዛ መንገድ አይተው የማይደነቁ የሉም፤ የተሠራው ግን ለወራሪ ጦር ስንቅ ማመላለሻ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በመንገዱ ላይ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባሉት የፊያት የጭነት መኪናዎች ተመላለሱ። በጭነታቸው ላይ የተወጠረውም ሸራ ነው። ከምሰሶ የወረደው ሸራ እንዲህ ሆኖ ሊማሊሞን ወጣ፤ ነፋስን መያዝ ትቶ ዝናብን መከልከል ሥራው ሆነ።

ኢትዮጵያ በ1955 የባሕር ኃይል በምፅዋ አቋቋመች። በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ግን ወደብ የሌላት አገር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ሸራ ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት የገበያ ዳስና ጫማ ቢሆን አይፈረድበትም።

ሸራ መጠለያ ሲሆን

ቃላት ሥራ ሲለውጡ የቀድሞ ሥራቸውን ፈጽሞ አይረሱም። የመርከቡ ሸራ የተመረጠው ጠንካራ፣ በቶሎ የማይቀደድ፣ ውሃንና ነፋስን የሚችል በመሆኑ ነው። የመኪናው ሸራ፣ የድንኳኑ ሸራ፣ የጫማውም ሸራ የተመረጡት በዚሁ ጠባያቸው ነው። ከጊዜ በኋላ ከፕላስቲክ የሚሠራው ሽፋን ሲመጣም ሕዝቡ ስሙን አልለወጠም፤ «ሸራ» አለው። ጨርቁ ተለወጠ፤ ስሙና ተግባሩ ቀረ።

በአካባቢያችን ይህች ቃል የከበደ ትርጉም ያገኘችበት ጊዜ ቅርብ ነው። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በደረሰ ጊዜ፣ ከሊማሊሞ በታች ካሉት ቀበሌዎችና ከሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ሰዎች ቤታቸውንና እህላቸውን ትተው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት መጡ። አረጋውያን፣ እናቶችና ሕፃናት በስሜን ብርድ ከሸራ በታች አደሩ። በ2022 ደግሞ ከዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ በሚባለው ስፍራ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ሰፈር ተቋቋመ። እነዚህ ስደተኞች ጥንታዊቱ አዱሊስ ከምትገኝበት አገር የመጡ ናቸው። የአዱሊስ ጽሑፍ የስሜንን ውርጭ ከጠቀሰ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ የዚያ አገር ሰዎች ውርጩን ራሱን በሸራ ጥላ ሥር ቀመሱት።

እንግዲህ በባሕር ላይ ሸራ ማለት ጉዞ ማለት ነው፤ ወዲያ ማዶ የመድረስ ተስፋ ነው። በየብስ ላይ ሸራ የወጠረ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገዱ የተቋረጠበት ሰው ነው። ከሸራ በታች የሚያድር ሰው የሚመኘው ሸራው የሚታጠፍበትን ቀን ነው። መርከበኛ ወደብ ሲደርስ ሸራውን ያወርዳል፤ ስደተኛም ቤቱ ሲገባ ያወርደዋል። እኛ በድንጋይና በቆርቆሮ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ይህን ቃል በቀላሉ በምንናገርበት ጊዜ፣ ይህንንም ማሰብ ይገባናል።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያ ላይ «ስለ መርከብ ማወቅ ለደጋ ሰው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ አንሥተን ነበር። መልሱ ከላይ የተጻፈው ታሪክ ነው። የስሜንን ስም በባሕር ወደብ ላይ በድንጋይ ተቀርጾ አገኘነው። በ1542 የአገሪቱ ዕድል በአምባችን ላይ ሲወሰን፣ ከሸራ መርከብ የወረዱ ሰዎች በዚያ ነበሩ። የደባርቅና የወገራ መንገድ ለብዙ ዘመን የባሕሩ መንገድ ቅጥያ ነበር። ተራራ ሰውን ከዓለም የሚለይ ግድግዳ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የታሪክ መጽሐፍ ሲገለጥ፣ ተራራውም በዓለም መንገድ ላይ የቆመ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አንድ ነገር አሳስባችኋለሁ። በየቤታችን ያሉ አያቶቻችን ብዙ ቃላት ያውቃሉ፤ የጭነት አጋሰስ ዕቃዎችን ስም፣ የነፋስና የውርጭ ዓይነቶችን ስም፣ የሲራራ ነጋዴ ማደሪያዎችን ስም ያውቃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጽሐፍ አልተጻፉም። ሽማግሌው ሲያልፍ ቃሉም አብሮት ይቀበራል። እያንዳንዳችን በዚህ ዓመት አሥር አሥር ቃል ጠይቀን ትርጓሜያቸውን በደብተር ብንጽፍ፣ ትምህርት ቤታችን ለሚቀጥለው በዓሉ ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ያገኛል። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲጠይቁአችሁ «ይህ ምን ያደርግልሃል?» ሳትሉ እንድትመልሱላቸው፣ መምህራኖቻችንም የተሰበሰበውን መርምራችሁ እንድታርሙልን በትሕትና እለምናለሁ።

ኮስማስ ነጋዴ ነበር፤ ሥራው መሸጥና መግዛት እንጂ ታሪክ መጻፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን አዱሊስ ላይ ቆሞ በድንጋይ የተጻፈውን በጥንቃቄ በመገልበጡ፣ የተራራችን ታሪክ ከመጥፋት ዳነ። ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ታላቅ ሊቅ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ያየውንና የሰማውን በታማኝነት መገልበጥ ይበቃዋል።

ትምህርት ቤታችን ብዙ በዓላትን ለማክበር ያብቃው።